«አንተ እንደምታውቀው አድርገው»፦ የአካውንት ቅንብር ኃላፊነት የማን ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ አንድ ሞባይል ቤት፣ በገበያ ቀን ረፋድ ላይ የሚታየው ነገር ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥም። ከጣርማ በር ወይም ከአንኮበር በኩል የመጡ አንዲት እናት አዲስ ስልክ ከነካርቶኑ በነጠላቸው ጠቅልለው ይገባሉ፤ አረብ አገር ያለችው ልጃቸው በላከችው ገንዘብ የተገዛ ነው፤ የሚፈልጉትም በኢሞ የልጃቸውን ፊት ማየት ብቻ ነው። ከባንኮኒው ኋላ ያለው ወጣት ሲም ካርዱን ያስገባል፣ ጂሜይል ያወጣል፣ ኢሞ ይጭናል፣ «ፌስቡክም ይኑርዎት እማማ፣ ልጅዎ እዚያም አትጠፋም» ይልና እሱንም ይከፍታል። በመካከሉ ስክሪኑ ላይ ጥያቄው ይደራረባል፦ የስልክ ማውጫዎን ልይ? ያሉበትን ቦታ ልወቅ? ማይክሮፎኑን ልጠቀም? ወጣቱ እያንዳንዱን ሳያነብ ይፈቅዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ «ስምዎን ከነአባትዎ ላስገባው?» ሲላቸው፣ «አንተ እንደምታውቀው አድርገው፣ ልጄ» ይሉታል።

ይህችው መልስ በኩባንያዎቹ መዝገብ ላይ የምትሰፍረው «ተጠቃሚዋ የአገልግሎት ውሉንና የግላዊነት ፖሊሲውን ተቀብለዋል» ተብላ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ፎቷቸው ከማይፈልጉት ሰው እጅ ቢገባ፣ በስማቸው ብር ቢለመን ወይም ስልክ ቁጥራቸው ከማያውቁት ሰው ዝርዝር ላይ ቢገኝ የሚሰጣቸው መልስ ከወዲሁ ይታወቃል፤ ቅንብሩን፣ በተለምዶ አነጋገር ሴቲንጉን፣ ማስተካከል የእርስዎ ድርሻ ነበር ይባላሉ። አካውንቱን በገዛ እጁ ያልከፈተ፣ የምናሌውን ቋንቋ የማያነብ፣ ቅንብር የሚባል ነገር መኖሩንም ያልሰማ ሰው ገመናውን በቅንብር የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት ሲባል ታዲያ ምን ማለት ነው? በእኔ እምነት ኃላፊነቱ መጀመሪያ የሚያርፈው ተጠቃሚው ሳይመጣ በፊት ቅንብሩን በወሰነው ኩባንያ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ስለሌላ ሰው በሚወስነው መካከለኛ ላይ ነው፤ ለባለቤቱ የሚተርፈው ድርሻ ቀላል ባይሆንም በየመድረኩ ከሚነገረው በእጅጉ ያንሳል።

ቅንብርን ባዶውን እንደሚጠብቀን ቅጽ አድርገን የማሰብ ልማድ አለን። በእውነቱ ግን አካውንቱ በተከፈተባት ቅጽበት እያንዳንዱ መስመር ተሞልቶ ነው የሚመጣው። ቴሌግራምን እንውሰድ፣ ምክንያቱም ከሸዋ ሮቢት እስከ መሐል ሜዳ ዕድርተኛውም፣ የተማሪ ወላጁም፣ የቤት ደላላውም የሚገኘው እዚያ ነው። አንድ ሰው ምንም ሳይነካ ቢተወው ማንም ሰው ወደፈለገው ግሩፕ ሊያስገባው ይችላል፤ ቁጥሩን ቀድሞ የያዘ ሁሉም በቁጥሩ ፈልጎ ያገኘዋል። ቁጥሩ በቀጥታ የሚታየው ባለቤቱ በማውጫው ለመዘገባቸው ሰዎች ብቻ መሆኑ ደግ ነው፤ ነገር ግን አዲስ ሰው በተመዘገበ ቁጥር «ቁጥሬ ለእሱም ይታይ» የሚል አማራጭ አብሮ ብቅ ስለሚል፣ ሳያስተውሉ አልፈውት ቁጥራቸውን የሚሰጡት ጥቂቶች አይደሉም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። «በቁጥሬ ማን ያግኘኝ?» የሚለው ምርጫ የሚገለጠው መጀመሪያ «ቁጥሬን ማንም አይይ» የሚለውን ለመረጠ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን በር ያልከፈተ ሰው ከኋላው ሁለተኛ በር መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለም።

እነዚህን መነሻ ቅንብሮች ማን እንደሚወስን ከፌስቡክ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 ኩባንያው የግላዊነት ቅንብሩን ሲለውጥ፣ ተጠቃሚዎች ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ ብለው የያዟቸው አንዳንድ መረጃዎች፣ ለምሳሌ የጓደኞቻቸው ዝርዝር፣ ለሁሉም ክፍት ሆኑ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህንና ሌሎች ድርጊቶችን ተጠቃሚን እንደማታለል ቆጥሮ ክስ አቅርቦ እ.ኤ.አ. በ2011 ኩባንያው ለ20 ዓመታት በገለልተኛ ኦዲተር እንዲፈተሽ የሚያደርግ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ኩባንያው ተቃራኒውን አደረገና አዲስ ተጠቃሚ የሚለጥፈው ነገር ከሁሉም ሰው ይልቅ ለጓደኞቹ ብቻ እንዲታይ መነሻውን ለወጠው። በሁለቱም ጊዜ ተጠቃሚው የሠራው ነገር አልነበረም። ቤቱ ሲከፈትም ሲዘጋም ቁልፉ የነበረው ከሌላ ሰው እጅ ነው፤ እንዲህ ከሆነ «ሙሉ ቁጥጥሩ በእናንተ እጅ ነው» የሚለው የኩባንያዎች አነጋገር ግማሽ እውነት ነው።

ግማሽ እውነትነቱን በሕግ ቋንቋ አስረግጠው የጻፉት አውሮፓውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ሕግ በአንቀጽ 25 ላይ፣ መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት አገልግሎቱን ሲነድፍ ጀምሮ ጥበቃውን ውስጡ እንዲያስገባና ተጠቃሚው ምንም ባይነካ እንኳ መነሻው ጠባቂ እንዲሆን ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 የ533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ስልክ ቁጥርና ሌላ መረጃ በይፋ ተለጥፎ ሲገኝ የተፈተነው ይኸው አንቀጽ ነው። መረጃው የወጣበት መንገድ ሲያዩት ቀላል ነው። ወዳጆችን በስልክ ማውጫ ለማግኘት የተሠራ መሣሪያ ነበር፤ አንድ ሰው በተራ የተደረደሩ ቁጥሮችን እንደ ስልክ ማውጫ አድርጎ ሲያስገባና «ይህ የማን ነው? ይህስ?» ብሎ ሲጠይቅ ሥርዓቱ እየመለሰ ይሰጠው ነበር። የማንም የይለፍ ቃል አልተሰበረም። የአየርላንድ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን 265 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣው ቁጥራቸው የወጣባቸውን ሰዎች «ቅንብራችሁን ለምን አላስተካከላችሁም?» አላላቸውም፤ የጠየቀው መሣሪያውን እንደዚያ አድርጎ የሠራውን ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ኢንስታግራም የልጆችን መረጃ በያዘበት መንገድ 405 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጥቶ ነበር፤ በዓመቱ ደግሞ ቲክቶክ የ345 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ተጣለበት። በሁለቱም ውሳኔዎች ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ የልጆች አካውንት ከመነሻው ለሁሉም ክፍት ሆኖ መምጣቱ ነበር። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የታዳጊዎችን አካውንት ከመነሻው ዝግ ማድረግ ሲጀምር፣ ሲቻል የነበረ ነገር መሆኑ ታየ።

ደኅንነት ይበልጥልኛል ብሎ ቅንብሩን የነካ ሰውም ቢሆን ሁልጊዜ አይድንም። ትዊተር ለአካውንት ጥበቃ ብለው ተጠቃሚዎች የሰጡትን ስልክ ቁጥርና ኢሜይል ለማስታወቂያ በማዋሉ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሕጉ ባዶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲያስከብር በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን በስም ጠቅሶ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ በሚሰበስብና በሚጠቀም አካል ላይ ግዴታ ይጥላል፤ ለመረጃው ባለቤት መረጃውን የማየት፣ የማሳረምና የማስጠፋት መብት ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአዋጁን መንፈስ እደግፋለሁ። ነገር ግን ፈቃድ ማለት አውቆና ወዶ የተሰጠ ስምምነት ከሆነ፣ «አንተ እንደምታውቀው አድርገው» በየትኛው ሚዛን ፈቃድ ይሆናል? እናቲቱ ወደው ተናግረዋል፤ አውቀው ግን አይደለም። ያወቀም የለም፤ ወጣቱም ቢሆን እንግሊዝኛውን ካነበበው ይልቅ የአዝራሩን ቦታ በልምድ ነው የሚያውቀው።

እዚህ ላይ ከአውሮፓው ክርክር የሚለየን ነገር ይመጣል። እዚያ ክርክሩ በሁለት ወገን መካከል ነው፤ አገልግሎት ሰጪው አለ፣ ተጠቃሚው አለ። እኛ ዘንድ በመካከላቸው ሦስተኛ ሰው ቆሟል። ሞባይል ቤት ያለው ወጣት አለ፣ አዲስ አበባ የሚማር የእኅት ልጅ አለ፣ በዓል ሲመጣ ስልክ እየተቀበለ አፕዴት የሚያደርግ የጎረቤት ተማሪ አለ። ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም የሚሠራው በነፃ ወይም በሃምሳ ብር ነው። ቢሆንም እሱ የሚወስናቸው ነገሮች ከባድ ናቸው። አካውንቱ የሚመለስበት ኢሜይል የማን ይሁን? ጊዜ ለመቆጠብ የራሱን ኢሜይል ያስገባባቸው ስልኮች አሉ፤ የዚያ ስልክ ባለቤት የይለፍ ቃሉ ቢጠፋበት ማስመለሻው የሚላከው ለወጣቱ ነው። የፒኑ ቁጥር ምን ይሁን? የትውልድ ዓመት ይሆናል፣ ወይም 1234። የስልክ ቁጥሩም እንደ ድሮው መደወያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር የገባው በእሱ ላይ ነው፣ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሥር የሚሰጠው ፋይዳ ማረጋገጫ የሚልከውም ወደ እሱ ነው። በአንድ ቁጥር ላይ የቤቱ ሁሉ ነገር ሲንጠለጠል «ለጊዜው የኔን ኢሜይል ላድርግበት» የሚለው ቃል ለጊዜው ሆኖ አይቀርም።

ስሙ የማይነሣው ሌላው መካከለኛ የግሩፕ አድሚን ነው። የዕድር ጸሐፊው፣ የክፍል ኃላፊው መምህር፣ አገር ቤትና ውጭ አገር ያለውን የአንድ ወረዳ ተወላጅ የሚያሰባስበው የልማት ማኅበር አስተባባሪ፣ ሁሉም ሳያውቁት የመረጃ ጠባቂዎች ሆነዋል። ቴሌግራም ከ100 በላይ አባላት ላሉት ግሩፕ የአባላቱን ዝርዝር መደበቂያ አለው፤ አዲስ የገባ ሰው የቀድሞውን ጽሑፍ እንዳያይ የሚያደርግም አለው። ሁለቱንም ሊነካ የሚችለው አድሚኑ ብቻ ስለሆነ አባሉ በራሱ ስልክ ላይ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ በዚያ በኩል የሚያደርገው ነገር የለም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት የአመልካቾችን ስም እስከ አያት፣ ከነስልክ ቁጥሩ፣ በኤክሴል አድርጎ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ለጠፈው። ዓላማው በጎ ነበር፤ ሰው ከሩቅ ወረዳ ስሙን ለማየት ብቻ እንዳይመላለስ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ግን ስሜን እስከ አያቴ ጠርቶ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕድለኛ ሆነዋል» የሚል ሰው ደወለልኝ፤ አያቴን የሚያውቅ ሰው አጭበርባሪ ነው ብሎ ለመጠርጠር ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። የስልክ ቁጥሩ የመጨረሻ አራት አኃዝ ብቻ ቢለጠፍ ኖሮ ሁላችንም ራሳችንን እናገኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ባለፉት ዓመታት ከየአካባቢው የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችን አስጠግታለች፤ ለእንደዚያ ዓይነቱ ሰው ስሙ፣ የመጣበት ቀበሌና አሁን ያለበት ቦታ አብሮ በዝርዝር መውጣቱ ከስልክ ማጭበርበር የከፋ ነገር ሊያስከትል ይችላል፤ ዝርዝሩን የሚለጥፈው ሠራተኛ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ፋይል ነው የሚጠቀመው።

በዚህ ላይ የእያንዳንዳችን ማውጫ አለ። አንድ መተግበሪያ ማውጫዬን እንዲያይ ስፈቅድ የምሰጠው የራሴን መረጃ አይደለም፤ የነፍስ አባቴን፣ የቤት አከራዬን፣ ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ጊዜ እህል የገዛሁበትን ነጋዴ ቁጥር ጭምር ነው። እነሱ አልተጠየቁም፤ ቢጠየቁም የሚዘጉት ቅንብር በእነሱ ስልክ ላይ አይገኝም። ስለዚህ «ሁሉም የራሱን ይጠብቅ» የሚለው ምክር ከጅምሩ ቀዳዳ አለው። የመንዝ ሰው ይህን ዓይነቱን ነገር ከስልክ በፊት ያውቀዋል። ጓሳ የሚባለው የጋራ የሳር መሬት ለዘመናት ሳሩ ሳይራቆት የቆየው እያንዳንዱ ገበሬ በየራሱ ስለተጠነቀቀ አልነበረም፤ መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ ለአጨዳ እንደሚከፈት የሚወስኑና ያላከበረውን የሚጠይቁ ኃላፊዎች ስለነበሩት ነው። የጋራ የሆነውን ነገር በየግል ጥንቃቄ ብቻ ለመጠበቅ መሞከር እዚያም አይሠራም ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ባለቤቱ ምንም ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ማንም ኩባንያ፣ ማንም አዋጅ ሊሠራለት የማይችለው ሥራ አለ፤ ከሁሉ በፊት የሚመጣው የመግቢያ ኮድ ነው። ከወዳጅ አካውንት «የእኅቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል መልእክት ከነሊንኩ ይመጣል፤ ሊንኩ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የመጣውን ኮድ ይጠይቃል። ያ ኮድ የድምፅ መስጫ ሳይሆን የራስ ቴሌግራም መግቢያ ነው። ሌባው በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ተራው ንግግር ሁሉ በኩባንያው ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ በመሆኑ የዓመታቱን ጽሑፍ ያነባል፤ ማንን «አክስቴ» እንደምትል፣ ማንን «አንቱ» እንደምትል ያያል፤ ከዚያ በዚያው አጠራር «አክስቴ፣ ትንሽ ቸግሮኝ ነበር፣ ማታ እመልሳለሁ» ብሎ ይጽፋል። አክስትም ትልካለች። ይህን የሚያግደው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለው ተጨማሪ የይለፍ ቃል ነው፤ ኮዱ ቢወሰድ እንኳ ያለ እሱ መግባት አይቻልም። ሲም ካርዱ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ቀርቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ቢሰጥም የሚያድነው እሱ ነው። ቴሌግራም ይህን መሣሪያ ካስገባ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁንም ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ፈልጎ የሚያበራው ባለቤቱ ነው። በቴሌግራም ቅንብር ውስጥም አካውንቱ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዝርዝር አለ፤ የማያውቁት ስልክ ካለ በአንድ ንክኪ ማስወጣት ይቻላል። በፌስቡክ በኩል ፕሮፋይልን መቆለፊያው በኢትዮጵያም ስለሚሠራ ፎቶን ከማያውቁት ሰው ለመሸፈን ሌላውን ሁሉ ከመፈለግ ይቀልላል። ለባለቤቱ የሚተርፈው ዋናው ሥራ ይኸው ነው፤ በእርጋታ ከተሠራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ባለቤቱ ቢጠነቀቅም የሚያመልጠው አለ። ቴሌግራም ለተወሰኑ ወራት ያልተከፈተን አካውንት በራሱ የሚያጠፋበት ቅንብር አለው፤ ጊዜውን ማርዘም ይቻላል፤ ማርዘም እንደሚቻል ግን ማን ይነግራል? በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ ያ ቆጠራ አልቆመም። ባለቤቱ ያልከፈተው ስላልፈለገ ይሁን ስላልቻለ አይጠይቅም። ቅንብሩን የወሰነው ሰው ኔትወርክ የማይጠፋበት ከተማ ተቀምጦ የወሰነው ነውና።

ሞባይል ቤቱ ውስጥ፣ ከቻርጀሮቹ መደርደሪያ ሥር፣ ጫፉ የተጣጠፈ ባለ መስመር ደብተር አለ። ወጣቱ አካውንት የከፈተላቸውን ሰዎች ስም፣ ኢሜይላቸውንና የይለፍ ቃላቸውን በሰማያዊ ስክሪብቶ ይመዘግብበታል፤ አንዳንዱ መስመር ላይ «የጎሼ ባዶዋ እማማ» ዓይነት ምልክት አለበት፣ ስማቸውን እንጂ የአባታቸውን ስም አልጠየቀም። ደብተሩን ሳይ ደነገጥኩ፤ አንድ ሌባ ቢያገኘው የአንድ ወረዳ ግማሽ ሰው ኢሞ ውስጥ ይገባል አልኩት። አዋጁን አነሣሁለት፤ ቢቻል እያንዳንዱን ገጽ ቀድዶ ለየባለቤቱ ቢሰጥ፣ ከዚህ በኋላም የይለፍ ቃሉን በስልኩ ካርቶን ውስጥ በወረቀት አድርጎ ከባለቤቱ ጋር ቢልከው የተሻለ እንደሆነ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። የካርቶኑን ሐሳብ ወደደው፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ እንዲያ አደርጋለሁ አለ። ደብተሩን ግን ወደ መደርደሪያው እየመለሰ፣ «የድሮዎቹስ?» አለኝ፤ «ካርቶናቸውን የእንቁላል ማስቀመጫ አድርገውታል። ሲረሱት የሚመጡት እዚህ ነው፤ ይህን ከቀደድኩት ወደ ማን ይሂዱ?»